ከመጽሐፍሽ አውጪኝ

የሆስፒታሉ ልብስ አጣቢዎች «ጠያቂዋ» የሚል ስም አውጥተውላታል፤ አይፈረድባቸውም። ለአንትሮፖሎጂ ማስተርሷ የመመረቂያ ጽሑፍ ስትል ዓመት ሙሉ አብራቸው አንሶላ ስትጨምቅ ከርማለች፤ ያልጠየቀቻቸው ነገርም የለም። እጇ እስኪቆስል መሥራቷን ሲያዩ ወደዷት። ሰው ደግሞ ከወደደ ይናገራል።

የአጣቢዎቹ አለቃ እትዬ የተናገሩት ግን ከበድ ያለ ነበር። እዚያው አጠገባቸው ልብስ የምትተኩሰው ሴት ልጃቸው ከማህፀናቸው አልወጣችም። ወላጇ እዚሁ ሆስፒታል ስትሞት አለሁ ባይ ዘመድ ጠፋ፤ እትዬ ሕፃኗን በአንሶላ ጠቅልለው ቤታቸው ወሰዷት። ልጅቱ ይህን አታውቅም። ጠያቂዋ ያን ቀን ከልቧ አለቀሰች፤ አልቅሳ ስታበቃም ጻፈችው። አራተኛው ምዕራፍ ሆነ።

መዘዙ የመጣው ከራሷ ደግነት ነው። ጽሑፉ ሲያልቅ አንድ ቅጂ አመጣላችኋለሁ ብላ ቃል ገብታ ነበር፤ ልጅቱም «ጮክ ብዬ የማነብላቸው እኔ ነኝ!» ብላ ፈነጠዘች። ይሄኔ እትዬ ጠያቂዋን ጎትተው ከማሽኖቹ ጀርባ ወሰዷት።

«ከመጽሐፍሽ አውጪኝ፣ ልጄ።»

«ስምዎን ቀይሬዋለሁ እኮ፣ እትዬ!»

«ስሜን ቀየርሽ። ከልጇ ጋር የምትሠራ አለቃ እዚህ ቤት ስንት አለች?»

ጠያቂዋ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። አማካሪዋ ዘንድ ብትሮጥ «እሱ ምዕራፍ ከወጣማ የሚቀርሽ ስለ ሳሙና ነው» አሏት። ማስረከቢያው ሁለቴ ተራዝሞላታል፤ ሦስተኛ የለም። ሊቀጥራት ያሰበው ኮሌጅም ያለ ዲግሪው ዞር ብሎ አያያትም።

ጭንቅ የያዘው ሰው ብልሃት አያጣም፤ ክፉ ብልሃት ነው እንጂ። ሁለት ቅጂ አዘጋጀች፤ አራተኛው ምዕራፍ ያለበትን ለዩኒቨርሲቲው፣ የሌለበትን ለአጣቢዎቹ። «አውጥቼዋለሁ» አለቻቸው። እትዬ አገላብጠው ሳሟት። እሷ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ጽሑፏን በፈታኞች ፊት የምታቀርብበት ቀን ደረሰ። አዳራሹ ለመጣ ሁሉ ክፍት ነው። ቀና ብትል ልጅቱ የክት ልብሷን ለብሳ ከፊት ወንበር ተቀምጣለች። እትዬ ናቸው፣ ልባቸው ስላረፈ፣ «ሂጂ፣ እህትሽን አበረታቻት» ብለው የላኳት።

 ከፈታኞቹ አንዱ ገጹን ገለጡ።

«ከሁሉ የማረከኝ አራተኛው ምዕራፍ ነው። እስቲ የዚያችን የአለቃዋን ታሪክ በአንደበትሽ ንገሪን።»

ልጅቱ ስለ እናቷ መሆኑ ገብቷት ፊቷ በኩራት በራ። የጠያቂዋ ዝምታ ፍርሃት መሰላትና ካለችበት ሆና «አይዞሽ፣ ንገሪያቸው!» አለች።