ለዘውዴ የእህት ልጅ የሰጠሁት ፓስወርድ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በፈረንጆቹ 2012፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው ትልቅ ነገር ሆኖ አይደለም። እኔ ሳልሆን ሌሎች ስላወሩት ነው። እኔ በምኖርበት፣ አሜሪካን አገር ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያውቀው እነሱ ያወሩትን ነው። በቦታው የነበርኩት ግን እኔ ነኝ።

ያኔ ከወንዙ ማዶ ባለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ የሆስፒታል አልጋ በሚያመርት ድርጅት እሠራ ነበር። አልጋ ሲባል ቀላል ይመስላል። አንዱ አልጋ ግን ሞተር አለው፣ ጎማ አለው፣ ስፍር ቁጥር የሌለው ብሎን አለው። እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ንድፍ አለው። ንድፉ ሲወጣ፣ ሲታረም፣ ሲጸድቅ፣ በመጨረሻም ዕቃው ከአገልግሎት ሲወጣ፣ ሁሉም አንድ የኮምፒውተር ቋት ውስጥ ይቀመጣል። የቋቱ ጠባቂ እኔ ነበርኩ። አዲስ አበባ ሳለሁ የንድፍ ሥራ ተምሬ ስለነበር አልከበደኝም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ በባቡር እሄዳለሁ፤ መሀል ከተማ ወርጄ ሌላ መስመር እይዛለሁ። ባለቤቴ ሞቷል፣ ልጅ የለኝም። ቤቴ ስገባ የሚያናግረኝ ሰው የለም። ቢሮ ግን ሰው ወደ ጠረጴዛዬ ይመጣ ነበር። መሐንዲሱ መጥቶ «የግራ ጎማው ንድፍ ጸደቀ ወይ?» ይለኛል። የግዢ ክፍሉ ሰውዬ «የትኛውን ልዘዝ፣ አሮጌውን ነው አዲሱን?» ይለኛል። መልሱን እስክፈልግላቸው ድረስ ቆመው ስለ አየሩ፣ ስለ ልጆቻቸው ያወራሉ። ጓደኞቼ ነበሩ አልልም። ግን ይመጡ ነበር።

አንድ ቀን አለቃችን ሊንዳ ስብሰባ ጠራች። ከእንግዲህ ቋቱ ውስጥ ያለው ነገር ዳሽቦርድ በሚባል ድረ ገጽ ላይ ይወጣል አለች። የጸደቀው አረንጓዴ፣ የዘገየው ቀይ ሆኖ ይታያል። ሁሉም ሰው በየኮምፒውተሩ ያየዋል፤ ኮሪደሩ ላይም ትልቅ ስክሪን ይሰቀላል።

«እኔን ቢጠይቁኝ አይሻልም?» አልኩ።

ሰዎቹ ሳቁ። ቀልድ መስሏቸው ነው። ሊንዳ ግን አልሳቀችም፤ ያልኩትንም አልረሳችውም።

ቋቱን ከዳሽቦርዱ ጋር እንዲያገናኝ በኮንትራት የተቀጠረው ዳዊት የሚባል የአገራችን ልጅ ሆነ። የዘውዴ የእህት ልጅ ነው። ዘውዴ እኔ ባለሁበት ሕንፃ ሁለት ፎቅ ከፍ ብላ የምትኖር፣ በአንድ ማኅበር የምንጠጣ ሴት ናት። ባለቤቴ የሞተ ጊዜ እኔ ዘንድ ያደረችው እሷ ናት። ዳዊት ሥራ ሊጀምር ሲል ደወለችልኝ።

«ልጄን አደራ» አለችኝ።

«እኔ ምን አውቅለታለሁ? እሱ የተማረ ነው።»

«ተማረ አልተማረ በፈረንጅ መሀል ብቻውን ነው። አንቺ እዚያ አለሽ ብዬ ነው እፎይ ያልኩት።»

አደራ ከተባልኩ ወዲያ ምሳ ለሁለት መቋጠር ጀመርኩ። ዳዊት ሥርዓት ያለው ልጅ ነበር። ወደ ጠረጴዛው ስሄድ ይነሳል፤ «እትዬ፣ ኧረ ይቀመጡ» ይለኛል። ቋቱ ውስጥ ምን የት እንዳለ፣ የትኛው ምልክት ምን ማለት እንደሆነ አንድ በአንድ አሳየሁት። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። በአማርኛ እያወራሁ ምሳ የበላሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

ዳሽቦርዱ ከቋቱ መረጃ እንዲወስድ በራሱ ስም የተከፈተ መግቢያ ያስፈልገዋል። ያንን የሚፈቅደው የኮምፒውተር ክፍሉ ነው። እነሱ ደግሞ ዛሬ ነገ እያሉ አጓተቱት። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዳዊት ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ።

«እትዬ፣ ሰኞ ለሊንዳ ሾው ማድረግ አለብኝ። እስከዚያ የእርስዎን ፓስወርድ ያስገቡልኝ።»

«የእኔን? ክልክል አይደለም እንዴ?»

«ለቴስት ብቻ ነው። ሰኞ አወጣዋለሁ። እርስዎ ካላመኑኝ እዚህ ማን ያምነኛል?»

ይህንኑ ቀደም ሲል አንድ ፈረንጅ ጠይቆኝ «ከአለቃዬ በጽሑፍ አምጣ» ብዬ መልሼዋለሁ። ለዳዊት እንዲያ ማለት ግን ቤቴ የመጣን የዘመድ ልጅ በር ላይ አቁሞ መታወቂያ መጠየቅ ሆነብኝ። ዘውዴ ብትሰማስ ምን ትላለች? እጄን ሰድጄ ጻፍኩለት።

ሰኞ ዳሽቦርዱ ሠራ። ሊንዳ አጨበጨበች፤ ሌሎቹም ተከትለው አጨበጨቡ። ሲወጡ ዳዊትን ጠጋ ብዬ «አወጣኸው?» አልኩት።

«ጨርሻለሁ እትዬ፣ ምንም አይጨነቁ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ወደ እኔ መምጣት ተወ። ስክሪኑ የተሰቀለው ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ነው። የግዢ ክፍሉ ሰውዬ ይመጣና ጀርባውን ሰጥቶኝ ያያል፤ ያየውን አይቶ ይሄዳል። መሐንዲሶቹም እንዲያው። ቀኑን ሙሉ የሰው ጀርባ ሳይ እውል ነበር። ዳዊትም ከወጣቶቹ ጋር ውጭ መብላት ጀመረ። «እትዬ፣ ዛሬ ስብሰባ አለብኝ» ይለኛል። ለእሱ የቋጠርኩትን ሳልከፍተው ወደ ቤት ይዤው እመለሳለሁ። ቅር አላለኝም ብል ዋሸሁ።

ድርጅቱ በየጥቂት ወሩ ፓስወርድ ያስቀይራል። አንድ ቀን ጠዋት ኮምፒውተሬን ስከፍት «ቀይሪ» አለኝ፣ ቀየርኩ። ሻይ ቀድቼ ስመለስ ኮሪደሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ስክሪኑ ባዶ ነጭ ሆኗል። ለካ በዚያው ጠዋት ሊንዳ ከአንድ ትልቅ ሆስፒታል እንግዶች ጋብዛ ዳሽቦርዱን ልታሳያቸው አምጥታቸው ኖሯል። እንግዶቹ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ባዶውን ስክሪን ያያሉ።

ትንሽ ቆይቶ ወደ ስብሰባ ክፍሉ ተጠራሁ። ሊንዳ አለች፣ የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ አለ፣ ዳዊትም ላፕቶፑን ከፍቶ ተቀምጧል።

ኃላፊው «ዳሽቦርዱ ቋቱ ውስጥ ሲገባ የቆየው በአንቺ ስም ነው። ዛሬ ፓስወርድሽን ስትቀይሪ ተቆለፈ» አለኝ።

ሊንዳ ቀጠለች። «ይህን መግቢያ እዚያ ያስገባሽው ለምንድን ነው? ስትፈልጊ እንድትዘጊው ነው? ስብሰባ ላይ ያልሽውን አስታውሳለሁ። ሰው ሁሉ አንቺን እንዲጠይቅ ነው የፈለግሽው።»

በድንገት የገባኝ ያኔ ነው። ዳዊት ፓስወርዴን አላወጣውም ነበር። ፊቴን ወደ እሱ አዞርኩ። ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። ላፕቶፑን ያያል። አሁንም ጠበቅሁ። ሊንዳ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ታንኳኳለች።

በመጨረሻ አፉን ከፈተ። በአማርኛ ነው የተናገረው።

«እትዬ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ፣ እሱ ነው ያስገባው እንዳይሉ። ሚስቴ ልትወልድ ነው። እርስዎ የቆዩ ነዎት፣ ቢበዛ ቢቆጡዎት ነው። እኔን ግን ዛሬውኑ ያባርሩኛል። እኔ ነኝ ይበሉልኝ።»

ሊንዳ ወደ እኔ ዞረች። «ምን አለሽ?»

«ስለ ሌላ ነገር ነው» ማለት እችል ነበር። ዝም ማለትም እችል ነበር። ጡረታዬ ደርሷል። ሆን ብላ ሥራ ያበላሸች ተብዬ ብወጣ በዚያ ዕድሜዬ የሚቀጥረኝ የለም። ይህን አስቤ ነበር። ከዚህ ይልቅ ያናደደኝ ግን «ቢበዛ ቢቆጡዎት ነው» ያለው ነገር ነው። የእኔ ስም ቢበዛ ቁጣ ነው የሚያወጣው? ያን ሁሉ ዘመን ንጹሕ ስም ይዤ የኖርኩት እሱ እንዲያስረክበው ነው?

የተናገረውን ሳልጨምር ሳልቀንስ በእንግሊዝኛ ነገርኳት። የሚስቱን ነገር ጭምር። ፓስወርዱን በእጄ የጻፍኩለት እኔ መሆኔንም ነገርኳት።

ዳዊት ላፕቶፑን ቀስ ብሎ ዘጋ። የሱ ኮንትራት በዚያው ቀን ተቋረጠ። ለእኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጠኝ። ዳሽቦርዱ በሁለተኛው ቀን በራሱ መግቢያ ተመልሶ ሠራ። ለካ እንዲህ በቀላሉ የሚፈቀድ ነገር ነበር።

ማታ ዘውዴ ደወለች። ሰላምታ የለም።

«በአማርኛ የነገረሽን ለፈረንጅ?»

«ጠየቀችኝ፣ መለስኩላት።»

«አደራ ያልኩሽ ለዚህ ነው?»

«ዘውዴ፣ ልጁ እኮ እኔን ነው አሳልፎ የሰጠኝ።»

«ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት! አንቺ ልጅ ስላልወለድሽ ይህ አይገባሽም።»

ስልኩን ዘጋሁት። ያንን ቃል ያለኝ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እረሳው ነበር።

ዳዊት ለአገራችን ሰዎች ምን ብሎ እንደነገራቸው ቆይቶ ደረሰኝ። እንደ እሱ አባባል፣ በቅናት ዳሽቦርዱን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ስያዝ በእሱ አላከክሁ። ማኅበሩ የሚጠጣበት ቀን ደርሶ አለፈ፤ ማን ቤት እንደሆነ የነገረኝ የለም። አንዲት የማኅበራችን ሴት እናቷ አርፈውባት ምግብ ሠርቼ ሄድኩ። ድስቱን ተቀበሉኝና በር አጠገብ አስቀመጡኝ። ሴቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። ዘውዴ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብላ አላየችኝም። ድስቴን በሌላ ሰው እጅ መለሱልኝ። እኔም ከዚያ በኋላ አልሄድኩም። ያልጠሩኝ ቦታ የምሄድ ሴት አይደለሁም።

ሕንፃው አንድ ሊፍት ነው ያለው። ከዘውዴ ጋር ስንገናኝ እሷ የፖስታ ሳጥኗን ቁልፍ ታያለች፣ እኔ የፎቁን ቁጥር አያለሁ።

ጡረታ ከወጣሁ ጥቂት ዓመት አልፎኝ ሳለ ዳዊትን አገኘሁት። ሴቨን ኮርነርስ በሚባል ሰፈር፣ አንድ የአገራችን ሱቅ ውስጥ ነው። ትንሽ ልጅ በእጁ ይዟል። ያን ጊዜ ልትወለድ የነበረችው መሆኗን ዕድሜዋ ነገረኝ። ልጅቷ በእንግሊዝኛ «ማን ናት?» አለችው።

«አብረን እንሠራ ነበር» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «እትዬ፣ ደህና ነዎት?» አለኝ።

«ደህና ነኝ።»

የልጅቷን ኮት ቆለፈላት። ከዚያ «ያን ቀን እርስዎ ባይናገሩ እኮ እኔው እናገር ነበር» አለኝ።

«ጠብቄህ ነበር እኮ» አልኩት።

ጆሮው ሲቀላ አየሁ። «ይቅር ይበሉኝ» አለኝ።

«ይቅር ብዬሃለሁ። ለእኔ ግን ምን ትነግረኛለህ? እኔ አውቀዋለሁ። ለአክስትህ ንገራት።»

«እነግራታለሁ። እሑድ ቤቷ እሄዳለሁ፣ እነግራታለሁ።»

ያን እሑድ ከቤቴ አልወጣሁም። ከሰዓት በኋላ በመስኮት ሳይ ልጅቷን ይዞ ከመኪና ወረደ። ሳሎኑን አስተካከልኩ። የቤት ሹራቤን አውልቄ ደህና ልብስ ለበስኩ። ዘውዴ ስትመጣ ምን እንደምላት አላሰብኩም። «ግቢ» እላታለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ራሱ ይመጣል ብዬ ነው። የሊፍቱ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ቴሌቪዥኑን ዝቅ አደርጋለሁ። ሲመሽ መኪናው ወጥቶ ሄደ።

ከዚያ ወዲህም ዓመታት አልፈዋል። ዘውዴ አሁንም ከላዬ ትኖራለች፤ እኔም አሁንም እዚያው ነኝ። እውነቱን በመናገሬ አልጸጸትም። ያ ጠዋት ተመልሶ ቢመጣ ያንኑ እላለሁ። ግን እሑድ እሑድ ስለዚያ እሑድ ሳላስብ አልውልም። ወይ ዳዊት አልነገራትም፤ ወይ ነግሯት እሷ ሁለት ፎቅ መውረድ አልፈለገችም። ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስብኝ አላውቅም።