አቮካዶ ዛፍ ላይ የሚጮኸው ስልክ

ለታላቅ እህቴ ለዘይነባ የላክሁላት ስልክ ሁለት ዓመት ሙሉ ቢጠራ የሚያነሳው ጠፋ። ሰው ስጠይቅ «ደህና ናት» ከማለት በቀር የሚነግረኝ የለም። ተቀይማኛለች ብዬ ስብሰለሰል ከረምኩና በመጨረሻ አላስችል ቢለኝ ከባሕር ማዶ ተነስቼ ጅማ ገባሁ። ሄርማታ ሰፈር፣ ደጃፏ ላይ ቆሜ ስደውል ጩኸቱ ከጓሮ መጣ። ስልኩ በፌስታል ተጠቅልሎ አቮካዶው ዛፍ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ይፈነዳል!» አለችኝ አንገቴን እንዳቀፈች። «ወላሂ፣ ጎረቤቴ በየቀኑ ታሳየኛለች። የአንዱ ኪሱ ውስጥ፣ የሌላው ትራሱ ሥር። ሲጠራ ደህና መሆንሽን እንዳውቅ ቻርጅ የምታደርግልኝም እሷው ናት።»

«በምን አሳየችሽ?»

«በስልኳ ነዋ!»

ሳልወድ ሳቅሁ። ከዚያ ንዴቴ መጣ። «እትዬ፣ የፈነዳውን አንዱን ስልክ አገር ሁሉ ይቀባበለዋል። ደህና ውሎ ያደረውን ማን ቀርጾ ይልካል? በዚህ ምክንያት ድምፅሽን ሁለት ዓመት አጣሁ?»

ዘይነባ እጄን ያዘች። «እሺ ምሁሯ፣ ልክ ነሽ። እማዬ ከታመመች ጀምሮ ነይ ስንልሽ አንቺን ምን አስቀረሽ? በር በር እያየች እኮ ነው የሞተችው።»

ልዋሻት አሰብኩ፤ አቃተኝ።

«የአውሮፕላን በር አየር ላይ ሲገነጠል አይቼ ነው» አልኳት። «በስልኬ።»