ሰው ያለበት ገጽ

ታናሽ እህቴ ዲላ ከተማ ባዮሎጂ ታስተምራለች። ቅዳሜና እሁድ ግን ካሜራዋን አንግታ ወናጎ ነው የምትገኘው፤ እንሰት የሚፍቁ ሴቶችን ስታነሳ ዓመታት አልፈዋል። አንድ ፎቶ ለማንሳት ግማሽ ቀን አብራቸው ተቀምጣ ስትፍቅ አይቻለሁ። ሰኞ የእንሰቱ ውሃ እጇን አጥቁሮት ክፍል ትገባለች። እኔ ቱግ ባይ ነኝ፤ ይህን ትዕግሥት ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ በዘራችን የለም።

ባለፈው ክረምት፣ ያለ አሳታሚ በራሳቸው የፎቶ መጽሐፍ ለሚያዘጋጁ ሰዎች የሚሰጥ ሽልማት እንዳለ ሰማች። ላሸነፈው መጽሐፉ በብዛት ይታተምለታል። ለመወዳደር ግን አንድ የታተመ ቅጂ መላክ ግድ ነበር። አዲስ አበባ ሄዳ አንዲት ቅጂ አሳትማ መጣች። ስገልጠው አፌን ያዝኩ። በሳቅ የተጨፈነ ዓይን፣ ጅማቱ የወጣ ክንድ፣ ጉም የዋጠው ማሳ። እነዚያን ሴቶች ዕድሜዬን ሙሉ በመንገድ ሳልፋቸው የኖርኩ ሰው፣ ገና ያን ቀን አየኋቸው።

«በይ ቶሎ እንላከው» አልኳት።

«ባለቤቶቹ ሳያዩትማ አልክም» አለች።

ወናጎ ወሰደችና ከሴቶቹ በዕድሜ ለሚበልጡት ለእማማ ሰጠቻቸው። እሁድ ከጸሎት መልስ በየቤቱ ሊያዞሩት ተስማሙ።

እሁድ ከሰዓት መጽሐፉን ልንቀበላቸው እማማ ቤት አብረን ሄድን። እማማ በነጠላ ጠቅልለው አመጡት። ስይዘው ቀጥኗል። ገለጥኩት፤ ሰው ያለበት ገጽ ሁሉ በምላጭ ተቆርጦ ወጥቷል። የቀረው ጉምና ማሳ ብቻ ነው።

«የየራሳችንን ወስደናል» አሉ እማማ፣ ደስ ብሏቸው። «ሰው የሌለበት የእናንተ ነው። ይኸው።»

ቀና ስል የእሳቸው ገጽ ከካላንደሩ ጎን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ደሜ ፈላ። የውድድሩ ማስገቢያ ቀን ሊያበቃ ነው፣ ሌላ ቅጂ ለማሳተም ጊዜ የለም። እህቴ ደግሞ እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች!

ወጥተን ባጃጅ ስንጠብቅ፣ «የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል» አልኳት።

«እንዲህ የተወደደ ነገር ሠርቼ አላውቅም» አለች። «ምን ብዬ ነው መልሱልኝ የምላቸው?»

መጽሐፉን እንደተቆራረጠ ላከችው። ተናደድኩባት፤ ግን ደግሞ እንደዚያ ሰሞን ኮርቼባትም አላውቅም።

አላሸነፈችም። ወሬውን በሰማች ማግስት ቀኑን ሙሉ ከመኝታ ክፍሏ አልወጣችም። ያን ሽልማት ምን ያህል እንደፈለገችው ያወቅኩት ያኔ ነው።

በኋላ ወናጎ ስንሄድ እማማ ውድድሩ እንዴት ሆነ ብለው ጠየቁ። እህቴ አፏን ሳትከፍት እኔ ቀደምኳት፤ «ገጽ የጎደለው መጽሐፍ እንዴት ያሸንፋል?»

የእማማ ፊት ተለወጠ። ተነሥተው ገጹን ከግድግዳው ነቀሉና በሁለት እጃቸው ዘረጉላት።

«አላወቅንም፣ ልጄ። እንኪ፣ መልሺበት። የሌሎቹንም እሰበስባለሁ።»

እህቴ ገጹን ተቀበለች። ጥቂት አየችው። ከዚያ በርጩማ ስባ ወጣችበትና እነበረበት ቦታ መልሳ ሰቀለችው። ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳደረገች ቆየች።

«እማማ፣ ይዩልኝ እስቲ» አለች በተሰበረ ድምፅ፤ «ተጣመመ እንዴ?»