ሳላነብ ያለፍኩት መስመር

ባለፈው ሳምንት የመጨረሻዋ ልጄ ሺራ ለእንግሊዝኛ ፈተና ታጠና ነበር። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ።

"ኢማ፣ 'ቶፕ ኦፍ ዘ ላደር' ምን ማለት ነው?" አለችኝ፤ 'ኢማ' በዕብራይስጥ እናቴ ማለቷ ነው። መልሴንም ሳትጠብቅ ተመሳሳዮቹን ከደብተሯ ላይ ታነብ ጀመር፤ ፒክ፣ ሰሚት፣ ፒናክል።

"የመሰላሉ ጫፍ። ትልቅ ቦታ መድረስ ማለት ነው" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። እንግሊዝኛ የማውቅ አይመስላትም። ያንን አባባል ያስተማሩኝ ጋሼ ታከለ ናቸው። ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

እስራኤል ውስጥ፣ ቤት ኤሊዔዘር ከሚባለው ሰፈራችን በጠዋቱ አውቶቡስ እየሄድኩ፣ ከሐዴራ ከተማ ዳር በነበረ አንድ ትንሽ የከብት መኖ ፋብሪካ እሠራ ነበር። ዛሬ ፈርሷል። ሥራዬ በበሩ መስኮት ተቀምጦ የጭነት መኪናዎችን ማስገባትና ማስወጣት ነበር። ዕብራይስጥ ስለማነብ ግን ከኢትዮጵያ ለመጡት የኛ ሰዎች የሚመጣውን ወረቀት ሁሉ የምተረጉመውም እኔው ነበርኩ። ሰው ያምነኝ ነበር። በዚያ ዕድሜ መታመን ምን ያህል እንደሚያኮራ የቀመሰው ያውቀዋል።

ጋሼ ታከለ በጎንደር ገጠር እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። እዚያ ፋብሪካ ግን የበቆሎ ብናኝ ነበር የሚጠርጉት። ምሳ ሰዓት ላይ ዳቦ በዳጣ እየተካፈልን ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ያስጠኑኛል።

"በኛ ቁንጮ ትያለሽ፣ አናት ትያለሽ፣ ማማ ትያለሽ" አሉኝ አንድ ቀን። "እንግሊዞቹ ግን መሰላል ይላሉ። ሰው ዘሎ ላይ አይወጣም ለማለት ነው።"

"እርስዎስ የት ደረሱ፣ ጋሼ?"

"እኔማ ገና ከመሰላሉ ሥር እየጠረግሁ ነው" ብለው ሳቁ።

ከግቢው መካከል አንድ ትልቅ የብረት ጎተራ ቆሞ ነበር። ከጎኑ የተበየደ መሰላል እስከ ጣራው ይወጣል። በየጠዋቱ እየወጣ ክዳኑን የሚከፍተው ቦሪስ የሚባል ከሩሲያ የመጣ ሰው ነበር። በዚያ የጸደይ ወር፣ ሻራቭ የሚሉት የበረሃ ነፋስ በጀመረበት ቀን፣ ቦሪስ ቁልፉን በመስኮቴ አቀብሎኝ ሥራውን ለቀቀ። "ላይኛው ብረት ይንቀሳቀሳል። ተናግሬ ተናግሬ ሰለቸኝ። ልጆች አሉኝ" አለኝ።

በማግሥቱ ሥራ አስኪያጁ ጋሼ ታከለን ወደ እኔ ክፍል ይዞ መጣ። የጎተራው ኃላፊ ሊያደርጋቸው ነው። ሁለት ገጽ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና "ቶሎ ተርጉሚለት" ብሎ በሩን ተደግፎ ቆመ። ጋሼ ታከለ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ፊታቸው እንደ ሙሽራ ነበር።

አነበብኩት። ዘጠነኛው መስመር ላይ ስደርስ "መሰላሉን፣ መደገፊያውንና የላይኛውን መቆሚያ መርምሬ ደህና መሆናቸውን አረጋግጫለሁ" ይላል። የቦሪስ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ይህን ባነብላቸው ይጠይቃሉ። ከጠየቁ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ሌላ ሰው ይፈልጋል። ይህን ደስታቸውን እንዴት ላጥፋው?

"የሹመትዎ ወረቀት ነው፣ ጋሼ። ይፈርሙ" አልኳቸው።

በሚያምር የአማርኛ ጽሕፈት ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፉ።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፌ ተረበሸ። ሻራቩ አልበርድ አለ። ሰማዩ ቢጫ ሆኖ፣ የብርቱካኑ አበባ ሽታ ከአቧራው ጋር ተደባልቆ ጉሮሮ ይይዝ ነበር። ጋሼ ታከለ በየጠዋቱ ሲወጡ ከመስኮቴ አያለሁ። እግራቸው ላይኛው እርከን ላይ ሲያርፍ ብረቱ ቀጭን ድምፅ ያሰማል፤ ያን ድምፅ እጠብቃለሁ። ሲወርዱ ደግሞ "ከላይ እኮ ባሕሩ ይታያል!" ይሉኛል።

በአምስተኛው ቀን አልቻልኩም። "ጋሼ፣ መሰላሉ ይወዛወዛል ሲሉ ሰምቻለሁ" አልኳቸው።

"ነፋሱ ነው የሚያወዛውዘው። አይዞሽ፣ ልጄ።"

ስለ ወረቀቱ ግን አልተናገርኩም። ያን ብነግራቸው ያነበብኩትን መደበቄ ይታወቃል። እውነቱን ግማሽ አድርጌ ሰጠኋቸውና የቻልኩትን እንዳደረግሁ ራሴን አሳመንኩ።

በስምንተኛው ቀን ነፋሱ ቆመና ካፊያ ጣለ። ያን ጠዋት ያንን ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጥሎ እንደ ጨርቅ መቀደድ ያለ ነገር፤ ከዚያ ዝም። ሮጬ ስደርስ በመኖ ጆንያዎች ላይ ወድቀው ዓይናቸው ተከፍቷል። ጆንያዎቹ ባይኖሩ ኖሮ አይተርፉም ነበር። ዳሌያቸውና ቀኝ እጃቸው ተሰብሯል።

አጣሪ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አወጣ። ሰውየው ራሱ መርምሮ ፈርሟል፣ ጥፋቱም የራሱ ነው ተባለ።

ሆስፒታል ስሄድ ባለቤታቸው እናኑ ከአልጋው ግርጌ ተቀምጠዋል። ልናገር አፌን ስከፍት ጋሼ ታከለ ቀደሙኝ።

"መስመሩን ኋላ ጨምረውት ነው። ይቺ ዘውዴ አይታው ቢሆን ኖሮ ታነብልኝ ነበር። ለአጣሪውም ይህንኑ ነግሬዋለሁ።"

እናኑ ጉንጬን ሳሙኝ። እኔም ልናገር የመጣሁትን ይዤ ተመለስኩ።

ዛሬ ሥራዬ ለሽማግሌዎች ወረቀት ማንበብ ነው። ከላይ እስከ ታች፣ አንዲት መስመር ሳልዘል አነባለሁ። "አሳጥሪው እንጂ፣ ልጄ" እያሉ ይሰለቹኛል። እኔ ግን አላሳጥርም። ይህ ግን የድሮውን አያክስም፤ እስከ ዛሬ ለጋሼ ታከለ ያልነገርኳቸውም ፈርቼ እንጂ ጊዜ አጥቼ አይደለም።

ጊቫት ኦልጋ ነው የሚኖሩት። ከዘራ ይዘው በባሕሩ ዳር ይራመዳሉ። ስንገናኝ አሁንም "የኔ አንባቢ" ይሉኛል። በአማርኛ የታተመ ነገር ካገኙ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳያነቡ አያስቀምጡም። ስለዚህ ይህንንም ያነቡታል።

ጋሼ፣ መስመሩን ማንም ኋላ አልጨመረውም። አይቼው ነበር።