ካሜራውን የዘጋው ተተኪ

ድርጅታችን ተተኪ መሪዎችን አፈራለሁ ብሎ ሲነሣ መጀመሪያ ያደረገው ነገር መሪዎቹን ከእኛ ማራቅ ነበር። ዛሬ እየሳቅሁ አወራዋለሁ፤ ያኔ ግን አላሳቀኝም።

ሥራችን ለማንም የሚገባ ሥራ ነው። በጉና ተራራ ዙሪያ ላሉ ገበሬዎች የቢራ ገብስ ምርጥ ዘር እናከፋፍላለን፤ ሲደርስ ምርቱን ገዝተን ለብቅል ፋብሪካ እንልካለን። ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ነው፤ የእኛ ቅርንጫፍ ደብረ ታቦር። እኔ የግዥ ክፍሉን እይዝ ነበር። ሥራ አስኪያጃችን ጡረታቸው የተቃረበ ሰው ነበሩ፤ ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን።

ጋሼ ሥልጠና የሚባል ነገር ሰጥተውኝ አያውቁም። የሚሰጡት የመኪና ወንበር ነበር። «ግቢ፣ እንሂድ» ይሉኛል፤ የት እንደምንሄድ የማውቀው ስንደርስ ነው። አንድ ዓመት ያከፋፈልነው ዘር ክምር ድንጋይ የሚባል ቦታ አካባቢ ሳይበቅል ቀረ። ገበሬው ተቆጥቷል መባሉን ሰምተን ስንሄድ፣ መኪናው ከአስፋልቱ ወርዶ ፒስታውን እንደያዘ ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ።

«ዛሬ የምትናገሪ አንቺ ነሽ።»

«ምን ልበላቸው ጋሼ?»

«ያለውን ነዋ!»

ገበሬዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተሰብስበው ይጠብቁን ነበር። ቆምሁና «ውድ አርሶ አደሮቻችን» ብዬ ጀመርሁ። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ውድነታችንን ተይውና ዘሩ ስለምን እንዳልበቀለ ንገሪን።» ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ዘወር ብዬ ጋሼን ባያቸው የጉናን ጫፍ ያያሉ፤ እኔን ጨርሶ እንደማያውቁኝ ሁሉ። «አላውቅም፤ አጣርቼ እመለሳለሁ» አልሁ።

ስንመለስ ከተማው መግቢያ ላይ ጋሼ «አላውቅም ማለትሽ ደግ ነው» አሉ። «ካልተመለስሽ ግን ሰድበሻቸዋል።» ተመለስሁ። ዘሩን መጋዘን ውስጥ እርጥበት አግኝቶት እንደነበር ነገርኋቸው። ተሰደብሁ፤ ዘሩም ተተካላቸው። ከዚያ ወዲያ የተቆጣ ሰው ፊት መቆም አስፈርቶኝ አያውቅም።

ኮሮና ሲመጣ ዋናው መሥሪያ ቤት «ከቤት ሥሩ» አለ። ይህስ ተገቢ ነበር፤ በሽታ አይናቅም። ገብስ ግን ከቤት ሆነው አይገዙትም፤ እኛ አፋችንን በማስክ ሸፍነን መውጣታችንን ቀጠልን። በሽታው ሲያልፍ ማስኩን ጣልነው። የአዲስ አበባ አለቆቻችን ግን ቤታቸውን ወደዱት። ስብሰባው፣ ግምገማው፣ ቁጣው ሳይቀር በስክሪን ሆነ። አንዱ ስለ ቅርንጫፋችን ዕጣ ሲወስን ከኋላው የተሰጣ ልብስ ይታየኝ ነበር።

እንዲህ እንዳለን የጋሼ ጡረታ ደረሰ፤ ያን ጊዜ ነው «የነገ መሪዎች» የሚባል ፕሮግራም የመጣው። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ከየቅርንጫፉ ሰው መረጠች፤ ሥልጠናውን የምትሰጠውም፣ የምትመዝነውም፣ በመጨረሻ የምታደንቀውም እሷው ነበረች። ከእኛ ቅርንጫፍ እኔና አንድ የገበያ ልማት ባለሙያ ተመረጥን። ይህ ባለሙያ በኮሮና ጊዜ በስክሪን ተፈትኖ በስክሪን የተቀጠረ ነው። የሚኖረው ባሕር ዳር ነበር። አንድ ጊዜ በሐሙሲት በኩል በሚኒባስ መጥቶ፣ ዘበኛው «ማንን ፈልገው ነው?» ብለው በር ላይ አቁመውት ሳይገባ ተመልሷል። እውነታቸውን ነው፤ ማን እንደሆነ ማናችንም አናውቅም ነበር።

በሥልጠናው ላይ ከሁሉ የበለጠ የተነገረው ቃል «እየሰማችሁኝ ነው?» የሚል ነበር። ከዚያ የተረፈውን ጊዜ «ቪዥን» እና «ሊደርሺፕ» ይካፈሉታል። ደብረ ታቦር መብራት ሲጠፋ እኔም አብሬ እጠፋለሁ። መብራት ሲኖር ደግሞ የጎረቤቴ ወፍጮ ይነሣል። «እባክሽ እኅቴ፣ ማይክሽን ዝጊው» ትለኛለች ኃላፊዋ፤ እዘጋዋለሁ። ባለሙያው ግን ድምፁ እንደ ሬዲዮ ጋዜጠኛ የጠራ ነው። ካሜራውን ከፍቶ አያውቅም፤ «ኔትወርኬ ደካማ ስለሆነ ነው» ይላል። ድምፁን እንዲያ አድርጎ የሚያመጣ ኔትወርክ ፊቱን ማምጣት እንዴት እንዳቃተው የጠየቀ የለም።

ምዘናው መጣ። እኔን «ታይነቷ ዝቅተኛ ነው» አሉኝ። ከክምር ድንጋይ እስከ ጉና ወገብ ድረስ በእግሬም በበቅሎም ስመላለስ የማያየኝ ገበሬ፣ የማይጮህብኝ ውሻ አልነበረም። አዲስ አበባ ላይ ግን አልታይም። ፊቱን አይተንለት የማናውቀው ሰው በታይነት አንደኛ ወጣ።

አንድ ቀን ጋሼን «ልምድ ያካፍሉ» ተብለው ጋበዟቸው። ደስ ብሏቸው ነበር። ክራቫት አሥረው ቢሮ እንደገቡ ጸሐፊያችን በኋላ ነገረችኝ፤ ኮምፒዩተሩን ከፍታላቸው ወጣች። እኔ መስክ ላይ ነበርሁና በስልኬ ገባሁ። የጋሼ ግንባርና መነጽር ይታያል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። ማይኩ ተዘግቷል። «ጋሼ፣ አይሰማም!» ብዬ ብጮህ የእኔም መስመር እየተቆራረጠ አልሰሙኝም። ሌሎቹስ? አንድም ሰው አልተናገረም። ጋሼ የተሰጣቸውን ጊዜ ሙሉ ተናገሩ። ሲጨርሱ የሰው ኃይል ኃላፊዋ ብቅ አለችና፣ «እጅግ ጠቃሚ ልምድ ነው፤ ሁላችንም ብዙ ተምረናል፤ እናመሰግናለን» አለች።

በማግሥቱ ወደ ቢሯቸው ገባሁ። «እንዴት ነበር?» አሉኝ። ልዋሽ አልሁ፤ አቃተኝ። ነገርኋቸው። እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «እኔስ ዝምታቸው አክብሮት መስሎኝ!»

«ምን ነበር ያሉት ጋሼ?»

«ሰው ሲቆጣ ቁጣውን ሳይጨርስ አትመልሱለት ነው ያልሁት። ይችን ለማወቅ ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ።» መነጽራቸውን አውልቀው በክራቫታቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ብዙ ጠረጉት። ያን ክራቫት ከዚያ በኋላ አላየሁባቸውም።

ተተኪው ሊመረጥ ሲል የመጨረሻ ውይይት ተደረገ። ድርጅቱን ከአምስት ዓመት በኋላ የት እንደምናየው እንድንናገር ተጠየቅን። ባለሙያው ተራው ሲደርስ በዚያ ባማረ ድምፁ ጀመረ። «ድርጅታችን የአበባ ምርቱን ወደ አውሮፓ ገበያ በማስፋት፣ የግሪን ሃውሶቹን ቁጥር በመጨመር...» እያለ አወረደው። እኛ ገብስ ነው የምንገዛ። አበባ የምናውቀው ለመስቀል ነው። ከሌላ ቅርንጫፍ የገባ አንድ ሰው አላስቻለውም። «ይቅርታ ወንድሜ፣ ስለ የትኛው ድርጅት ነው የምታወራው?»

ባለሙያው «ይቅርታ፣ መስመር ተደባልቆብኝ ነው» አለ።

መስመር አልተደባለቀበትም። ሰውየው በዚያው ሰዓት የሌላ ድርጅት ስብሰባ ላይ ነበር። ይህን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም፤ ስብሰባው ላይ ከነበርነው ሁሉ ነገሩ ያልገባት የሰው ኃይል ኃላፊዋ ብቻ ነበረች። «የአበባው ሐሳብ ከተለመደው የወጣ፣ ደፋር ራዕይ ነው» አለች። በሚቀጥለው ሳምንት የቅርንጫፋችን ሥራ አስኪያጅ ሆኖ መመረጡን የሚገልጽ ኢሜይል ደረሰን። «እንኳን ደስ አለህ» ብዬ ጻፍሁለት። «አመሰግናለሁ ወንድሜ» ብሎ መለሰልኝ።

ጋሼ ይህን ሁሉ ሰምተው ማንንም አላሙም። የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ ተተኪውን ገበሬዎቹ ዘንድ ወስደው በእጃቸው ሊያስረክቡት። ቀን ቆረጡ፤ በዓል ነበርና ከቅዳሴ በኋላ ክምር ድንጋይ ላይ ሰው እንዲሰበሰብ ላኩ። ጠዋት ልንነሣ ስንል ተተኪው ስልክ ደወለ። መምጣት እንዳልተመቸው፣ ነገር ግን በስልክ ገብቶ ገበሬውን «ሰላም ሊል» እንደሚችል ነገራቸው። ጋሼ ስልኩን ዘጉና «ግቢ፣ እንሂድ» አሉኝ።

ገበሬው የበዓል ልብሱን ለብሶ፣ ቆሞ ይጠብቃል። ጋሼ ጥቂት የስንብት ቃል ተናግረው ስልኩን አውጥተው ደወሉለትና ድምፁን ከፍ አድርገው ወደ ሰዉ ዘረጉት። ያ የጠራ ድምፅ ወጣ።

«ጤና ይስጥልኝ ውድ አርሶ አደሮቻችን! እየሰማችሁኝ ነው?»

ከፊት የቆሙ አንድ አባት፣ «እኛስ እንሰማሃለን፤ አንተ ነህ የማትታይ» አሉት።

«በቅርብ ቀን በአካል እንገናኛለን አባቴ። ዛሬ ራዕያችንን...»

«ቆይ፣ ቆመህ ነው ወይስ ተቀምጠህ የምታናግረን?»

«ተቀምጬ ነው።»

«እኛ ቆመናል» አሉና ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ ቤታቸው መንገድ ጀመሩ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። አንድ ክፉ ቃል የተናገረ የለም፤ ቢሰድቡን ይሻል ነበር። ከስልኩ ውስጥ ድምፁ ስለ ራዕይ ይናገራል፤ ጋሼ ክንዳቸውን እንደዘረጉ ቀርተዋል። ሄጄ ስልኩን ከእጃቸው ወሰድሁና ዘጋሁት። በሕይወቴ አለቃ የሆነን ሰው አፍ ስዘጋ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ አልቆጨኝም።

«ሰው አመጣላችኋለሁ ብያቸው ነበር» አሉ ጋሼ። ለእኔ አልነበረም የሚናገሩት።

ተተኪው ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ለቀቀ። መልቀቂያውም የመጣው በኢሜይል ነው። ለካ አበባ አምራቹም ድርጅት የራሱ የነገ መሪዎች ነበሩትና እዚያም ተመርጦ ኖሯል፤ ደመወዙ የተሻለውን ያዘ። እሱን ብዙም አልወቅሰውም። ሁለት ድርጅት ፊቱን ሳያይ መሪዬ ሁን ካለው፣ እምቢ ማለት ያለበት እሱ ነው? በዋናው መሥሪያ ቤት የዓመቱ ሪፖርት ላይ ግን ፕሮግራሙ ተሳካ ተብሎ ተጻፈ፤ ካሠለጠናቸው አንዱ ከፍተኛ የአመራር ቦታ ላይ ደርሷልና። ውሸትም አይደለም። የት እንደደረሰ ብቻ ነው ያልተጻፈው።

ከዚያ የሰው ኃይል ኃላፊዋ ደወለችልኝ።

«ቅርንጫፉን ለመያዝ ዝግጁ ነሽ?»

«ታይነቴ ዝቅተኛ ነው ብላችሁኝ የለም?»

«እሱ የሲስተሙ ነው፤ አንቺ ደግሞ ነገር አታክርሪ።»

ተወካይ ሥራ አስኪያጅ ተባልሁ። ብዙም ሳይቆይ በክልሉ ኢንተርኔት ተዘጋ። ለሀገሩ ክፉ ጊዜ ነበር፤ መንገዱም ሥራውም ሰውም ተጨንቋል፤ በዚያ ቀልድ የለም። ሆኖም ስብሰባ የለ፣ ምዘና የለ፣ ራዕይ የለ፤ ከአዲስ አበባ አልፎ አልፎ ስልክ ብቻ። እንደ ምንም ዘር አከፋፈልን። መንገድ ሲከፈት መጋዘን ጠባቂዋንም ሒሳብ ሠራተኛውንም በየተራ ይዤ እወጣለሁ። መጋዘን ጠባቂዋ መጀመሪያ ስትናገር ድምፅዋ ጠፋባት፤ ቀጥሎ ገበሬውን ራሷ ተቆጣች።

በመኸሩ ግን ከክምር ድንጋይ ሰዎች ግማሹ ገብሱን ለእኛ አልሸጠም፤ ከእብናት በኩል ለመጣ ነጋዴ ሰጠው። ቤት ለቤት እየዞርሁ ለመንሁ። አንዳንዱ እሺ አለኝ፤ አንዳንዱ በር ላይ አቁሞ «ዛሬስ በስልክ ሳይሆን ራስሽ መጣሽ?» ብሎ መለሰኝ። መኪናችን ጎደሎ ጭኖ ወረደ። ዋናው መሥሪያ ቤት ምክንያቱን ጠየቀ፤ ስልክ ላይ ብነግራቸው «የኔትወርክ ችግር ነው በይና ሪፖርቱን ላኪው» አሉኝ። እንዲያ ብዬ አልላክሁም። እስከ ዛሬም «ተወካይ» የምትለዋን ቃል ከስሜ ላይ አላነሡልኝም።