ቦሬ ላይ የምትጠፋው ካሜራ

በነገሌና በቦሬ መካከል የሚመላለሰው የሚኒባስ ሹፌር ስለ ራሱ ቢጠየቅ አይመልስም፤ ስለ ካሜራው ግን ማንም ሳይጠይቀው ያወራል። መስታወቱ ላይ የለጠፋት የመንገድ መቅረጫ ካሜራ ቦሬ ስትቃረብ በብርዱ ባትሪዋ ይደክምና ጥፍት ትላለች። ፊውዝ ቀየረላት፤ ገመድ ቀየረላት። ነገሌ ወስዶ ሲያስመረምራት ግን ሙቀቱን አግኝታ ጤነኛ ትሆናለች፤ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ሕመሙ እንደሚለቀው ሰው።

ዛሬ ጋቢና የተቀመጠችው መምህርት ፍሬሰንበት ናት። ጉሙ ሲጀምር ሹፌሩ ጥግ ይዞ ቆመና ከደረት ኪሱ በእጅ የተሠራ የሕፃን የሱፍ ቆብ አወጣ። ካሜራዋ ላይ አጠለቀውና፣ አገጭ ባይኖራትም፣ ክሩን ከሥሯ አሰረላት።

«ጋሼ፣ ዓይኗን እኮ ሸፈኑት። ምን ልትቀርጽ ነው?»

«መጀመሪያ ትኑር፤ ማየቱ ይደርሳል።»

ኮቱንም አውልቆ ደረበላት። በሸሚዝ ብቻ ቀርቶ ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ጀመር።

«እርስዎስ?»

«እኔ በባትሪ አልሠራም።»

ፍሬሰንበት ሳቋ እንዳያመልጣት ወደ ቆቡ ዞረች። በዕድሜ ወይቧል፤ አንድም ቀን የተደረገ ግን አይመስልም።

«ቆቡ የማን ነው?»

«የልጄ። ሳታደርገው ቀረች።»

ጣቱን ከሱፉ ሥር አስገብቶ ካሜራዋን ዳበሳት።

«ሞቋታል» አለና ማርሽ አስገባ።