ግማሽ ድድ

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ስመለስ ቤተሰቦቼ ነገሩን ቆርጠው ጠበቁኝ። እስከ መስከረም የሚቀበለኝ ትምህርት ቤት ካላገኘሁ፣ ጥር ላይ ለአንድ የደነባ ነጋዴ ልጅ እዳራለሁ። ልጁን አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። ክፉ አይደለም፤ ግን አንድ ነገር ተናግሮ እስኪጨርስ እኔ በልቤ ጨርሼለት ሌላ ሐሳብ እጀምራለሁ።

ስለዚህ እዚያው አንኮበር፣ ጎረቤላ ክሊኒክ አንድ ፈረንጅ የጥርስ ሐኪም መጥቶ እንግሊዝኛ የምትጽፍ ልጅ ይፈልጋል ሲባል ሮጥኩ። ሰውየው በአገሩ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ያስተምራል። የመጣው የደጋ ሰው ጥርስ ምን እንደሚመስል ሊያጠና ነው። የእኔ ሥራ ማስተርጎምና እሱ የሚለውን በየሰው ካርድ ላይ ማስፈር ነበር፤ ይህኛው ጤነኛ፣ ያኛው የተበላ፣ እዚያ ጋ የጎደለ። በደንብ ከሠራሁ አዲስ አበባ ላለ የነርሶች ትምህርት ቤት ደብዳቤ ሊጽፍልኝ ቃል ገባልኝ።

በመጀመሪያው ቀን ጉንጩ ያበጠ ገበሬ መጣ። ሐኪሙ መንጋጋውን ከፍቶ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ቆጠረና መንቀሉ ከሰዓት በኋላ ነው አለው።

ገበሬው፣ «መቁጠሩንማ እኔም በምላሴ እችለው ነበር» አለ።

ይህን ተረጎምኩ። አያይዤም፣ ያመመውን መጀመሪያ ብንነቅልለት ቀሪውን ለመቁጠርም ይቀለን ነበር አልኩ። ሐኪሙ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

«አስተያየትሽን አልጠየቅኩም» አለ።

ደሜ ፈላ። ጥሩ፣ ከእንግዲህ የማይጠይቀኝን ብናገር ምላሴ ይቆረጥ ብዬ በልቤ ማልኩና ካርዴን መጻፍ ቀጠልኩ።

በሦስተኛው ቀን ሴቶቹ መጡ። ለማያውቁት ወንድ አፍ መክፈት ነውር ነውና በነጠላቸው ጫፍ እየሸፈኑ ብዙ አስቸገሩን። በመጨረሻ አንዷ ስትከፍት ሐኪሙ ትንሿን የጥርስ ማያ መስታወት ከተተና ደርቆ ቀረ። ድዷ ጥቁር ሰማያዊ ነው። የሁለተኛዋም። የሦስተኛዋም። ሰውየው ከዚያ በኋላ እግሩ መሬት አልነካም። ወንዶቹ የላቸውም፣ ሕፃናቱ የላቸውም፤ ሴቶቹን ብቻ፣ ያውም ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ ድንገት የሚይዝ የድድ በሽታ። ማንም ያልጻፈው በሽታ። ቤታቸው ጭስ ይበዛ እንደሆነ ጠይቂያቸው አለኝ። ጠየቅኳቸው። የማን ቤት ጭስ የለውም? አለ እንጂ አሉ። በደስታ ጻፈ፤ እኔም ጻፍኩ።

በአገራችን ይህን የማያውቅ የለም። ጥርስ ነጥቶ እንዲታይ ድድ በእሾህ ይወጋል፣ የኩራዝ ጥላሸት ይታሸበታል። ንቅሳት ነው፤ ጌጥ። የሠፈራችንን ሴቶች ድድ የሠራችው ደግሞ የገዛ አክስቴ ናት። እኔንም ሁለት ዓመት ሙሉ አባራኛለች፤ በዚህ ጥሬ ሥጋ በመሰለ ድድ ማን ቤት ልትገቢ ነው እያለች። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ግን አልተናገርኩም። አልተጠየቅኩማ።

ይቺው አክስቴ በአምስተኛው ቀን መጥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ሐኪሙ ድዷን ሲያይ ከሁሉም የከፋ ነው ብሎ ተደሰተ። ከዚያ ትንሽ ቢላዋ አወጣ፤ ለአገሩ መምህራን ሊያሳይ ከድዷ ቆርጦ ሊወስድ ነው። ለእሷ ተረጎምኩላት።

«ለምን ብሎ?»

«በሽታ ነው ይላል፣ እትዬ።»

አፈጠጠችብኝ። «አንቺስ ምን አልሽው?»

ደብዳቤዬ ሲበር ታየኝ፤ ቢላዋው ግን የአክስቴ ከንፈር ጋ ደርሷል። ዶክተር፣ በሽታ አይደለም፣ ራሷ ናት በእሾህ የሠራችው አልኩ። ካርዶቹን አየ፣ እኔን አየ። ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው አለኝ። ከተወለድኩ ጀምሮ አልኩት። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ ሲለኝ የራሱን ቃል መለስኩለት። ፊቱ ከድዱ ይልቅ ቀላ።

አክስቴ ምን እንደምንባባል ሳትጠይቅ ተነሥታ መስታወቱን ከእጁ ወሰደች። አገጩን ይዛ አፉን ከፈተችና ግራ ቀኝ አገላብጣ አየችው።

«ውይ የኔ ልጅ» አለች፣ ከልቧ አዝና። «ሚስትህ ይህን እያየች ነው የምትኖረው?»

ከቀሚሷ ጫፍ የታሰሩ እሾሆቿን ፈትታ ልትሠራለት ተዘጋጀች። እሱ ለራሱ አልፈለገም። ሲሠራ ግን ማየት እንደሚፈልግ፣ በሽታው ቢቀር አሠራሩን እንደሚጽፍ ነገረኝ። ተረጎምኩ። አክስቴ አልተቃወመችም፤ ብቻ በማን ድድ ላይ ነው የማሳየው ብላ ጠየቀች። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ሁለት ሰዎች ያለ አስተርጓሚ ሲግባቡ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ስለ ደብዳቤው ስል ተቀመጥኩ። ግማሹ እስኪያልቅ ቻልኩ፤ ከዚያ ብድግ ብዬ በረርኩ። አክስቴም አላባረረችኝም፤ የቀረው ለሰርግሽ ይሁን አለች። ሐኪሙ ደብዳቤውን በማግስቱ ሰጠኝ። ከንፈሬ አብጦ ማመስገን እንኳ አልቻልኩም። ወደ አዲስ አበባ ስሄድ አውቶቡሱ ጫጫ ከተማ ሲደርስ ፖስታውን ቀድጄ አነበብኩት። ሥራዋ ጥሩ ነው፣ ግን አስተያየቷን መጠየቅ ያስፈልጋል ይላል።

አዲስ አበባ ለመግቢያ የመረመረችኝ የነርሶች ትምህርት ቤቱ ሐኪም ፈረንጅ ሴት ነበረች። አፌን አስከፍታ ቀኙን አየች፣ ግራውን አየች፣ እንደገና ቀኙን። ከዚያ ብዕሯን አነሣች።

«በሽታ አይደለም» አልኳት። እሷም አልጠየቀችኝም ነበር።

ብዕሯን አስቀምጣ ወንበር ሳበችልኝ። ከአክስቴ እሾህ ጀምሬ እስከ ጫጫ ነገርኳት፤ የተቀደደውን ፖስታ ሳይቀር።

ጥር ላይ፣ እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ፣ የደነባው ልጅ ከእኛው ሠፈር ሌላ ልጅ አገባ። ድዷን የሠራችላት አክስቴ ናት። ሁለቱንም ጎን።